ለባለቤቴ 40ኛ ዓመት ስፖርት መኪና ተከራይቼ ስካይላይን ድራይቭ ልወስደው ነው፤ መኪናውንም መንገዱንም አማክሩኝ

የአሌክሳንድሪያዋ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ባለቤቴ ኦክቶበር ላይ 40 ሊሞላው ነው። ሰውዬው ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ የመኪና ቪዲዮ የሚከፍት ዓይነት ነው። የሚነዳው ግን የልጆች ወንበር የሞላባትን የቤተሰብ መኪናችንን፣ ሲየናን ነው። ስለዚህ ስፖርት መኪና ተከራይቼ ላስደንግጠው አስቤያለሁ። ዓርብ ጠዋት ወጥተን እሁድ ማታ ብንመለስ ደስ ይለኛል። መንገዱን ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በተራራው ላይ የሚያልፈው ስካይላይን ድራይቭ ብዬ ወስኛለሁ። ይኸው ስንት ዓመት ቨርጂኒያ ስኖር የዚያን ተራራ ቅጠል በፎቶ ነው የማውቀው።

ዓይኔ ያረፈው ሁለት መኪና ላይ ነው። ኮርቬት ወይስ ጣሪያዋ የሚከፈት ማስታንግ? የኮርቬቷ ኪራይ የማስታንጓን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ብር ተርፎኝ አይደለም፣ ግን 40 ዓመት አንዴ ነው። ነድታችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ኢንሹራንሱ ደግሞ ጭራሽ ግራ አጋብቶኛል።

አንድ ችግር ልጨምር። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ ናቸው። ትናንት ከእህቴ ጋር በስልክ ሳወራ ሰምተውኝ "መቼ ነው የምንሄደው?" አሉኝ። "የምትሄዱት" አይደለም ያሉት።

የሚያውቀን ሰው ካለ አደራ፣ ትንፍሽ እንዳትሉ!

ሀሜተኛው

ስካይላይን ስትዪ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ያለው መስሎኝ "እዚያ ለመድረስ ደግሞ ስፖርት መኪና ምን ያደርጋል፣ ፓርኪንግ እንኳ የለው" ልል ነበር።

በአማትሽ ጉዳይ አስተያየት የለኝም። ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ማርሽ_ስድስት

ኮርቬቷን ተያት። ምቀኝነት አይደለም፣ ምክንያት አለኝ።

ስካይላይን ድራይቭ ከፍሮንት ሮያል እስከ ሮክፊሽ ጋፕ 105 ማይል ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተፈቀደው ፍጥነት 35 ማይል ነው። 35! የአዲሷ ኮርቬት ሞተር 6.2 ሊትር ነው፣ ጉልበቱ 490 ፈረስ አካባቢ። ያን ሁሉ ጉልበት ይዛችሁ ኦክቶበር ቅዳሜ ከአንድ ካምፐር ኋላ ስትንፏቀቁ ይታይሽ። ሞተሩ ሳይነቃ ነው መንገዱ የሚያልቀው። ባልሽ ደስ ሊለው ቀርቶ ይናደዳል። ፖሊስ የለም ብሎ ልርገጠው ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

እዚያ መንገድ ላይ ብር የሚያወጣው ጉልበት አይደለም፣ ጣሪያ ነው። ዛፎቹ ከላይ ገጥመው ዋሻ የሚሠሩበት ቦታ ብዙ ነው። ከብረት ጣሪያ ሥር ሆነሽ ግማሹ ያመልጥሻል። ስለዚህ ጣሪያዋ የሚከፈተውን ማስታንግ ውሰጂ። ባለ አራት ሲሊንደሯ 2.3 ሊትር ናት፣ አዲሶቹ 315 ፈረስ አላቸው። ለዚህ መንገድ ይተርፋል። ተራ ቤንዚንም ትጠጣለች፤ ኮርቬቷ ፕሪሚየም ነው የምትፈልገው።

የኮርቬቷ ጣሪያም ይነሳል የሚል ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፣ ግን የተራዋ ጣሪያ በእጅ ተነስቶ ትራንክ ውስጥ ነው የሚተኛው። ሻንጣችሁን የት ልታደርጉት?

ሳልረሳው፣ የማስታንጓ ጣሪያ ቁልፍ ስለተጫንሽ ብቻ አይከፈትም። ከፊት መስታወቱ በላይ መሀል ላይ አንድ እጀታ አለ። እሱን ወደ ታች ስበሽ ጠምዝዢና ከዚያ ቁልፉን ተጫኚ። ስትዘጊም መልሰሽ አጥብቂው። ይህን የማያውቅ ሰው የኪራይ ቢሮው ግቢ ውስጥ ሰው ፊት ሲንደፋደፍ አይቻለሁ።

ድምፁን_ስሙ

በፍጹም አልስማማም። ማርሽ፣ አንተ መኪና የምትመርጠው በካልኩሌተር ነው። ሰውዬው 40 ዓመት ሊሞላው ነው፣ ግብር ሊያስገባ አይደለም። ኮርቬት ጠዋት ስትነሳ የምታሰማው ድምፅ ብቻ ይበቃል። 35 ማይልም ብትሄድ ሰው ዞሮ ያያታል።

መንገዱ አነሰ ካላችሁ ደግሞ መንገዱን ቀይሩ። ቴኔሲ ድንበር ላይ ያለውን የድራጎኑን ጭራ ለምን አትሄዱም? ዲልስ ጋፕ ነው፣ ዩኤስ 129። 11 ማይል ውስጥ 318 ኩርባ! ኩርባው ላይ ፎቶ አንሺዎች ተቀምጠው እያንዳንዱን መኪና ያነሳሉ። ማታ ሆቴል ገብታችሁ ፎቷችሁን ትገዛላችሁ።

ማርሽ_ስድስት

ድምፁ፣ እዚያም እኮ 30 ማይል ነው የተፈቀደው። ከአሌክሳንድሪያ ደግሞ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ምንም የማይቀረው ጉዞ ነው። ለሦስት ቀን ወጥተው ሁለቱን ቀን አይ-81 አውራ ጎዳና ላይ ከከባድ መኪና ጋር ሲጋፉ ሊውሉ? ያ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ያለው ሰው መንገድ ነው።

ፈጠን ያለ ኩርባ ካማረው ከስታንተን ወደ ምዕራብ ዩኤስ 250 አለላቸው። ሞንተሬይ እስክትደርሺ ተራራ ወጥቶ ተራራ መውረድ ነው፣ መኪና የሚባል የለም ማለት ይቻላል። እሁድ ጠዋት እዚያ ይንዳበት።

ከካውንተር_ጀርባ

መኪና አከራይ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። የቱ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እንጀራዬ ነው።

እህቴ፣ መጀመሪያ ይህን እወቂ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ላይ የምትይዢው መኪናውን አይደለም፣ ክፍሉን ነው። ፎቶው ማስታንግ ነው፣ ከሥሩ ግን "ወይም ተመሳሳይ" ይላል። ዓርብ ጠዋት ስትመጪ ጣሪያዋ የማይከፈት ልናቀርብልሽ እንችላለን። የኤርፖርት ቅርንጫፎች ብዙ መኪና ስላላቸው የተሻሉ ናቸው። ቢሆንም ከአንድ ቀን በፊት ደውለሽ "ጣሪያዋ የሚከፈት አለች ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። ቱሮ በሚባለው መተግበሪያ ከግለሰብ ከተከራየሽ ያየሻትን መኪና ራሷን ታገኛለሽ። የዚያ ችግሩ ኢንሹራንሱ ነው።

ኢንሹራንሱን ላስረዳሽ። የራስሽ የመኪና ኢንሹራንስ ሙሉ ሽፋን ከሆነ ብዙ ጊዜ የኪራይ መኪናን ይከተላል። ክሬዲት ካርድሽም የራሱ ሽፋን ሊኖረው ይችላል። ግን ሁለት ወጥመድ አለ። ብዙ ካርዶች ውድ ስፖርት መኪናን ከሽፋኑ ያስወጣሉ፤ ከግለሰብ የተከራየሽውን ደግሞ አብዛኞቹ አይነኩትም። ካርዱ እንዲሸፍንልሽ ሙሉ ክፍያው በእሱ መሆን አለበት፣ የእኛንም የጉዳት ውል "አልፈልግም" ማለት አለብሽ። ስለዚህ ለሁለቱም ደውዪ። ኢንሹራንስሽን ሦስት ነገር ጠይቂ። ይህን ሞዴል ትሸፍናላችሁ? መኪናዋ ጋራዥ በቆመችበት ቀን የሚጠየቀውን ኪራይስ? ከአደጋው በኋላ የመኪናዋ ዋጋ ከቀነሰስ? የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሰው አይጠይቅም፣ ቢሉ የሚመጣው ግን በእነሱ ነው። መልሱ ካላረካሽ የእኛን ግዢና ተኝተሽ እደሪ።

ባልሽ የሚነዳ ከሆነ ስሙ ውሉ ላይ መግባት አለበት። ብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ለትዳር ጓደኛ ተጨማሪ ክፍያ አይጠይቁም፤ ግን ስሙ ከሌለና አደጋ ከደረሰ ሽፋን የሚባል ነገር የለም። ሰርፕራይዝ ነው ብለሽ ሳታስመዘግቢው እንዳትሄጂ። መንጃ ፈቃዱን ይዞ አብሮሽ ይምጣና ካውንተሩ ላይ ይደንግጥ።

ቁልፍ ስትቀበዪ መኪናዋን ዞረሽ በቪዲዮ ቅረጪ። ሰው በሩን ነው የሚቀርጸው። ስፖርት መኪና ላይ ክስ የሚመጣው ከቸርኬና ከፊት ፓራውልቱ ሥር ነው። ስልክሽን መሬት አስጠግተሽ የፓራውልቱን የታች ጠርዝ ቅረጪ፣ አራቱንም ቸርኬ አንድ በአንድ፣ ከዚያ ነዳጁንና ማይሉን። ስትመልሺም እንደዚያው።

ብላቴና_23

ይቅርታ ክሩን ልጥለፍ። እኔ 23 ዓመቴ ነው፣ ማስታንግ መከራየት እችላለሁ?

ከካውንተር_ጀርባ

ከ25 በታች በየቀኑ ተጨማሪ ክፍያ አለው። ስፖርት ክፍሉን ደግሞ ከ25 በታች ላለ ሰው አብዛኞቻችን አንሰጥም። ኮሮላ ግን እንኳን ደህና መጣህ።

ኡበር_ማታ

ቨርጂኒያ መሆኑን አትርሱ። ይህን ልጽፍ ነው የገባሁት።

ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው 20 ማይልና ከዚያ በላይ ካለፍክ፣ ወይም የትም ቦታ ከ85 በላይ ከነዳህ፣ ተራ ቲኬት አይደለም የምትቀበለው። ሬክለስ ድራይቪንግ ይባላል፣ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ስድስት ነጥብ ይቀነስብሃል፣ የመንጃ መዝገብህ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። በመኪና ለምንተዳደር ሰዎች ይህ እንጀራ መዝጋት ነው። ዜግነት ለመጠየቅ ፎርም የሚሞላ ሰውም ያስብበት። ፎርሙ ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ሲሰላ ደግሞ እዩት። የተፈቀደው 35 ከሆነ 55 ላይ ደረስክ ማለት ነው። በማስታንግ 55 መድረስ የአንድ እርግጫ ጉዳይ ነው። ፓርኩ ውስጥ የሚይዝህም የፌዴራል ሬንጀር (የፓርክ ጠባቂ) ነው፣ የምትቀርበውም ፌዴራል ዳኛ ፊት ነው።

ራዳር የሚጠቁም መሣሪያ አስሬ እሄዳለሁ የሚል ጀግና ካለ፣ እሱም ቨርጂኒያ ውስጥ ክልክል ነው። ዲሲም እንደዚያው።

የአይ-66ን ክፍያ መስመሮችም ልብ በይ። የራስሽን ኢዚፓስ (የቶል መክፈያ መሣሪያ) ይዘሽ ሂጂና የኪራይዋን ታርጋ ለሦስቱ ቀን አካውንትሽ ላይ አስገቢ። የእነሱን መሣሪያ ከተጠቀምሽ ከቶሉ በላይ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምሩብሻል።

ቅጠል_አሳዳጅ

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ። በየዓመቱ ካሜራ ይዤ የምሄድበት ነው።

ቅጠሉ ከላይ ከከፍታው ጀምሮ ወደ ታች ነው የሚቀላው። ብዙ ጊዜ ጥሩ የሚሆነው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ መጨረሻው ነው። የቅዳሜ እኩለ ቀን በር ላይ ያለው ሰልፍ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ዓርብ መነሳትሽ ትልቅ ዕድል ነው።

ዓርብ ጠዋት በ66 ወደ ፍሮንት ሮያል ሂዱ፣ 70 ማይል አካባቢ ነው። የመግቢያው ክፍያ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፣ ለሰባት ቀን ያገለግላል። ደረሰኙን አትጣዪው፣ በየቀኑ ወጥታችሁ የምትገቡት በእሱ ነው። ከዚያ ከዜሮ ማይል ትጀምራላችሁ። በስተቀኛችሁ በየማይሉ ቁጥር ያለው ምልክት አለ፤ ሁሉም ነገር የሚጠራው በዚያ ቁጥር ነው። መኪና አቁመሽ የምታዪባቸው 75 ያህል ቦታዎች ስላሉ ሁሉም ላይ ልቁም ካልሽ አትደርሱም። ማይል 17 ላይ ሬንጅ ቪው አያምልጣችሁ፣ ማይል 21 አካባቢ ደግሞ ሆግባክ። ከሆግባክ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ስታዩ የሼናንዶዋ ወንዝ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይታያል።

ማይል 31.5 ላይ ቶርንተን ጋፕ ደረሳችሁ ማለት ነው። እዚያ ወርዳችሁ ሉራይ ከተማ እደሩ። ተራራው ላይ ስካይላንድና ቢግ ሜዶውስ የሚባሉ ማደሪያዎች አሉ፣ ኦክቶበር ላይ ግን ከወራት በፊት ነው የሚያዙት። ካገኘሽ እሰየው።

ቅዳሜ በጠዋት ተመልሳችሁ ውጡ። ከመግቢያው ትንሽ አለፍ ስትሉ ማይል 32 ላይ የሜሪስ ሮክ ዋሻ አለ። አለቱን ሰርስረው ያወጡት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጣሪያ ከፍታችሁ፣ ማርሽ ቀንሳችሁ ግቡበት። ድምፁን_ስሙ የሚለው ድምፅ እዚያ ውስጥ በአራት ሲሊንደርም ይሰማል። ልክ ስትወጡ በግራ በኩል ማቆሚያ አለ፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ የሚታየው ከዚያ ነው። መንገዱ ከፍተኛው ቦታ ላይ የሚደርሰው ስካይላንድ ጋ ነው፣ 3,680 ጫማ። ቢግ ሜዶውስ ማይል 51 ነው። በመንገዱ ሁሉ ነዳጅ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ብላክቤሪ አይስክሬም ፓይ የሚባል ነገርም አላቸው፤ ቅዳሜ ስለሆነ ጾም የለባችሁም፣ ብሉ።

ማይል 57.5 ላይ ሉዊስ ማውንቴን የሚባል ትንሽ ማደሪያ አለ። ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። በ1939 ሲከፈት ጥቁሮች የሚስተናገዱበት ተብሎ የተለየ ቦታ ነበር። ሌላው ቦታ ለነጮች ነበር። እስከ 1950 ድረስ መለያየቱ ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ፓርኩ ሲቋቋምም ከ400 በላይ ቤተሰብ ከመሬቱ ተነስቷል። እኔ ሁልጊዜ እዚያ ቆሜ ሻይ እጠጣለሁ፤ ሰው ስለሌለበት ሊሆን ይችላል፣ በሌላም ምክንያት።

ከዚያ በታች ያለው ደቡቡ ክፍል ጭር ያለ ነው። ማይል 81 ላይ ቢግ ረን ላይ ቁሙ። 105 ላይ ስካይላይን ያልቃል፣ እዚያው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ይጀምራል። እሱ ነፃ ነው፣ ፍጥነቱም 45 ነው። አጠቃላይ 469 ማይል ነው፣ እስከ ሰሜን ካሮላይና ስሞኪ ተራሮች ይሄዳል። በ2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ካሮላይና ያለውን ክፍል ክፉኛ ጎድቶታል፤ የእናንተ ግን የቨርጂኒያው ነው። እሁድ ጠዋት እስከ ማይል 10.7 ሬቨንስ ሩስት ሄዳችሁ ብትመለሱ ይበቃችኋል። ቅዳሜ ማታ ስታንተን ብታድሩ ለማርሽ 250ም ቅርብ ናችሁ። መመለሻውን በቻርሎትስቪል በ29 አድርጉት።

ሲደመር 400 ማይል አይሞላም። 250ን ከጨመራችሁ ከፍ ይላል። ኪራይሽ በቀን 200 ማይል ገደብ ካለው ለሦስት ቀን አያሳስብሽም።

ጋሽ_ኤንትሬ

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሾፌር ነኝ። ፊያት ኤንትሬ ይዤ ሊማሊሞን ወጥቻለሁ፣ ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርጃለሁ። የናንተ ተራራ ለእኔ ሜዳ ነው። ቢሆንም ሁለት ነገር ልበል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ላይ እግር ጭኖ መውረድ አይገባም። ፍሬኑ ይግልና አልይዝ ይላል። አውቶማቲክም ቢሆን ከመሪው ኋላ ማርሽ መቀነሻ አለው፤ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ይውረድና ፍሬኑን ነካ ነካ ያድርግ። በወጣንበት ማርሽ ነበር የምንወርደው።

ሌላው ጉም ነው። እዚያ ተራራ ላይ ጉም ድንገት ይወርዳል። የሚጨርሱበት አፍተን ተራራ ላይማ በጣም የታወቀ ነው። ረጅሙን መብራት አታብሩ፣ ተመልሶ ዓይን ያጠፋል። አጭሩን አብሩና የቀኙን ነጭ መስመር ይዛችሁ ሂዱ። አጋዘንም አለ፤ ኦክቶበርና ኖቬምበር ይብስበታል። ፀሐይ ስትጠልቅ 35ም ይበዛል። አንዱ ከተሻገረ ሁለተኛውን ጠብቁ።

የአሌክሳንድሪያዋ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማርሽ አሸንፏል፣ ማስታንግ ነው የምወስደው። ድምፁን_ስሙ አትቀየመኝ።

የአማቴ ጉዳይ ግን አልተፈታም። ማስታንግ እኮ የኋላ ወንበር አላት አይደል?

ማርሽ_ስድስት

አላት ማለት ይከብዳል። ሁለት ቦርሳና አንድ ጃኬት ይቀመጥባታል። ትልቅ ሰው እዚያ ለማስገባት የፊቱን ወንበር አጥፈሽ፣ ጎንበስ አድርገሽ፣ በጎን ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ጭራሽ አይታሰብም። ጣሪያው ተከፍቶ ሲሄድ ደግሞ ንፋሱ በሙሉ የሚያርፈው ኋላ የተቀመጠው ላይ ነው።

ሀሜተኛው

አማትሽን ከኋላ አስቀምጠሽ አንቺ ከፊት ከሄድሽ ልቅሶ ቤት ሳይቀር ይወራል። አንቺ ከኋላ ሆነሽ እሳቸው ከፊት ከሆኑ ደግሞ የልደቱ ሽርሽር የእናትና የልጅ ሆነ ማለት ነው። እኔ ምንም አላልኩም።

ቅጠል_አሳዳጅ

መላ አለኝ። ሲየናዋን ማን ይነዳታል? ወንድም ወይም እህት ካለሽ ቅዳሜ ልጆቹንና አማትሽን ይዘው ይምጡ። በ66 ከዚያ በ29ና በ211 አድርገው በስፔሪቪል ቶርንተን ጋፕ ይግቡ፣ መንገዱ ራሱ ያምራል። በመንገድ ዳር ፖም የሚሸጡ እርሻዎች አሉ። ቢግ ሜዶውስ የሽርሽር ሜዳው ላይ ተገናኙ። ጠረጴዛም የከሰል መጥበሻም አለው። እሳት የሚፈቀደው እዚያ በተሠራለት ቦታ ብቻ ነው፣ ሣር ላይ ከሰል እንዳታቀጣጥሉ። ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ከዚያ ባልሽ እናቱን ከፊት አስቀምጦ አንድ አምስት ማይል ያንሸራሽራቸው። አንቺ ከልጆቹ ጋር ቅሪ። ከሰዓት በኋላ እነሱ ወደ ቤት፣ እናንተ ወደ ደቡብ።

ሲየናዋ የራሷን 30 ዶላር ትከፍላለች፣ ክፍያው በመኪና ነው።

አንድ ነገር፣ ምግብ ማስታንጓ ውስጥ ትታችሁ ጣሪያ ከፍታችሁ እንዳትርቁ። ጥቁር ድብ አለ። የበያይነቱ ሽታ ከሩቅ ይጠራዋል።

የአሌክሳንድሪያዋ

ቅጠል፣ ጌታ ይባርክህ! እህቴ ሲየናዋን ልትነዳ እሺ ብላለች።

ለአማቴም የማስታንጓን ፎቶ አሳየኋቸው። ጣሪያዋ ተከፍቶ የተነሳችውን ነው። መነጽራቸውን አድርገው ትክ ብለው አዩና "ይቺን ሳይጨርሷት ነው እንዴ የሚያከራዩሽ?" አሉኝ። አምስቷን ማይል ግን አልጠሉም። ሻሽ አጥብቄ አስራለሁ አሉ።

ዓርብ የጾም ምግብ ከዚሁ ይዘን እንሄዳለን፣ ሉራይ ላይ ሽሮ ስለማይጠበቅ። ለልብስ ምን ልያዝ?

ማርሽ_ስድስት

ተራራው ከታቹ በ10 ዲግሪ ፋራናይት ያህል ይቀዘቅዛል። ጠዋት ጣሪያ ከፍቶ መሄድ ብርድ ነው። ማሞቂያውን ወደ እግር አድርጊው፣ የጎን መስታወቶቹን አንሺ፣ ጋቢ ደርቢ። ሳቁብኝ እንጂ ጋቢ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ጫፉን ግን ከሥርሽ ወትፊው፣ አለዚያ በንፋስ ይሄዳል።

ሻንጣ ሁለት የእጅ ቦርሳ ያዙ። ከቦሌ የመጣውን ትልቁን ሻንጣ ትራንኩ አይቀበለውም።

ስልክም ተራራው ላይ ብዙ ቦታ አይሠራም። ካርታውን ቀድመሽ አውርጂ፣ ከእህትሽ ጋር የምትገናኙበትን ቦታና ሰዓት በቃል ተነጋገሩ።

ኡበር_ማታ

ከመውጣታችሁ በፊት ጠዋት የፓርኩን ድረ ገጽ እዩ። በጉም፣ በበረዶ ወይም ዛፍ ወድቆ መንገዱን የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ኖቬምበር የምታስቡ ሰዎች ደግሞ በአደን ወቅት ከፊሉ መንገድ ማታ ማታ እንደሚዘጋ እወቁ።

የአሌክሳንድሪያዋ

ያዝኩት! ከኤርፖርት ቅርንጫፍ ነው፣ ሁለታችንም ስማችን ይገባል። ኢንሹራንሴ ደውዬ ስጠይቅ ሞዴሉን እሸፍናለሁ አለኝ፤ ጋራዥ የምትቆምበትን ኪራይ ግን አይከፍልም። ስለዚህ የድርጅቱን ልገዛ ነው። መመለሻውን እሁድ ማታ 1 ሰዓት ብዬዋለሁ።

ከካውንተር_ጀርባ

በሐበሻ ነው በፈረንጅ? ውሉን እይው። ሲስተሙ ላይ 1 ፒኤም ብለሽ ሞልተሽ ከሆነ ከምሳ በኋላ ነው የምትጠበቂው፣ ስድስት ሰዓት ዘግይተሽ ስትመጪ ተጨማሪ ቀን ይቆጠርብሻል። 7 ፒኤም መሆኑን አረጋግጪ። እሁድ ማታ 66 ምሥራቅ ስለሚጨናነቅ እኔ ብሆን 9 ፒኤም አደርገው ነበር።

የአሌክሳንድሪያዋ

ወይኔ! 1 ፒኤም ይላል። አሁኑኑ እየደወልኩ ነው።